ማባያ፣ ማቶት፣ አፎት

ማባያ የሚለው ቃል ውስጥ አንድ ፊደል ተሰውሯል። የት እንደገባ ለማየት ቃሉን መፍታት ያስፈልጋል።

ሥሩ «በላ» ነው። ከእሱ «አባላ» ይወጣል፤ አንዱን ምግብ ከሌላው ጋር አድርጎ መብላት። እናት ደረቁን እንጀራ ብቻ ለሚጎርስ ልጇ «እያባላህ ብላ» ትለዋለች። አሁን «የሚያባሉበት ነገር» የሚል ስም ይሠራ ቢባል፣ አማርኛ ሁለት ቁራጭ ያቀርባል፤ ከፊት «መ»፣ ከኋላ «ያ»። «መ» ከ«አ» ጋር ሲገናኝ «ማ» ይሆናል። ሲገጣጠም «ማባልያ» መሆን ነበረበት። ሰው የሚለው ግን ማባያ ነው። «ል» አልጠፋችም፤ «ያ» ውስጥ ገብታለች። መጋጠሚያው ላይ ጣት ቢያልፍበት የሚያደናቅፍ ነገር የለም።

ይህን ማሰብ የጀመርኩት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ምሳ ላይ ሆኜ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በደሴ መንገድ ትገኛለች። መንገዱ ጣርማ በር ዋሻ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በደብረ ሲና ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ካፖርት ለብሶ ዋሻው ውስጥ የገባ ሰው ከታች ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። የይፋት ቆላ ይህ ነው። ማሽላው፣ ማሾው፣ በሮቢ ወንዝ ዳር ደግሞ ሽንኩርቱ።

የቀረበልኝ እንጀራ የማሽላ ነበር፤ ማባያው የማሾ ወጥ። የማሽላ እንጀራ እንደ ጤፍ አይለጠጥም። ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሲታጠፍ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ወጡም ይህን አውቆ ነው የተሠራው፤ ቀጠን ብሏል፣ እንጀራው ውስጥ ሰርጎ ያለሰልሰዋል። ያው ማሾ ለጤፍ እንጀራ ቢሆን ወፈር ተደርጎ ይሠራ ነበር። ማባያው ልኩን የወሰደው ከእንጀራው ነው። ከዚያ ምሳ በኋላ ዓይኔ ከዋናው ዕቃ ይልቅ አብሮት በሚሄደው ላይ ማረፍ ጀመረ፤ በክዳኑ፣ በማስቀመጫው፣ በማሰሪያው፣ በማንገቻው። የሠሪውን እጅ ጠለቅ ብሎ የሚያሳየው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ዋናው ዕቃ እንዳሻው ሊሠራ ይችላል። ተከታዩ ግን መግጠም አለበት።

ቃላቱም እንደዚሁ ናቸው። «ያ» ወደ ግሱ መጨረሻ ስትጠጋ ምላስን ወደ ላንቃ ትስባለች። በምላስ ጫፍ የሚነገሩ ድምፆች አብረው ይሳባሉ፤ ተስበውም ይለወጣሉ። ከ«አነገተ» ማንገቻ፤ «ት» ወደ «ች» ሄደች። ከ«አወረደ» ማውረጃ፤ «ድ» ወደ «ጅ»። ከ«አስቀመጠ» ማስቀመጫ፤ «ጥ» ወደ «ጭ»። ከ«አጨሰ» ማጨሻ፤ «ስ» ወደ «ሽ»። ከ«ያዘ» መያዣ፤ «ዝ» ወደ «ዥ»። ከ«ከደነ» መክደኛ፤ «ን» ወደ «ኝ»። «ል» ከሁሉም አብልጣ ትለሰልሳለች፤ ከ«ቆላ» መቁያ፣ ከ«አንጠለጠለ» ማንጠልጠያ፣ ከ«አባላ» ማባያ። ሰባት ድምፆች ናቸው፤ ሰባቱም ያለ ስፌት ይጋጠማሉ።

በከንፈርና በጉሮሮ የሚነገሩት ግን የምላስ ጫፍ ስለማይዛቸው አይሳቡም። ከ«አጀበ» ማጀቢያ፣ ከ«ጠለፈ» መጥለፊያ፣ ከ«ሸከመ» መሸከሚያ፣ ከ«ጠረገ» መጥረጊያ። «ር»ም ከምላስ ጫፍ ብትወጣም አትለወጥም፤ ከ«አሰረ» ማሰሪያ። በእነዚህ ቃላት ውስጥ በግሱና በ«ያ» መካከል አንዲት ቀጭን «ኢ» ትገባለች። ክፍተቱን የምትሞላው እሷ ናት።

አናጢዎች ለዚህ ስም አላቸው፤ ውሻል። የመጥረቢያ ዛቢያ በብረቱ ቀዳዳ ይገባል። ዛቢያው ደርቆ ያደረ ወይራ ቢሆን ይመረጣል፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይከሳል፣ ብረቱም ይላላል። ጫፉ ላይ በመጋዝ ሁለት ጣት የሚጠልቅ ስንጥቅ ይበጃል። ዛቢያው ከገባ በኋላ ስንጥቁ ውስጥ ውሻል ይመታል። ውሻሉ አንድ ጫፉ የጥፍር ያህል የሳሳ፣ ሌላው የእርሳስ ያህል የወፈረ ጠፍጣፋ እንጨት ነው። በተመታ ቁጥር ዛቢያውን ወደ ጎንና ጎን ይገፋዋል። የተረፈው በቢላዋ ተቆርጦ ይስተካከላል። ጥሩ መጥረቢያ ሲታይ ውሻሉ ከላይ እንደ አንዲት ሰረዝ ብቻ ይታያል። እኔ ማሰሪያ የሚለውን ቃል ስናገር ያችን ሰረዝ አያታለሁ።

ቡና ሲፈላ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መቁያው፣ ማጨሻው፣ ሙቀጫው። ሙቀጫ ለብቻው ይታይ። ከ«ወቀጠ» «መውቀጫ» ይወጣል፤ «ጥ» ከኋላ ወደ «ጭ» ገብታለች። ከፊት ደግሞ «መ» እና «ው» ተጣምረው «ሙ» ሆነዋል። ቃሉ በሁለቱም ጫፎቹ ተገጥሟል። ለዘመናት በእጅ ያደረ ዕቃ ጠርዙ እንደሚለሰልስ ማለት ነው። መውቀጫ የሚል ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ሙቀጫ የሚል ሰው ወቅጦበታል።

በዚያው ምንጣፍ ላይ ግን ለዚህ ሁሉ ሥርዓት የማይገዛ አንድ ዕቃ አለ። ከግስ አልወጣም፤ «መ»ም «ያ»ም የለውም። ማቶት ነው።

ማቶት የጀበና መቀመጫ ቀለበት ነው። ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ የስፌት ዕቃ የምትሸጥ እናት አገኘሁ። ሰፌድ፣ የመሶብ ክዳንና ማቶቶች ነበሯት፤ ማቶቶቹ በገመድ ተሰክተው እንደ ዳቦ ተደርድረዋል። አንዱን አንስቼ ዋጋውን ጠየቅኳት። ዋጋውን አልነገረችኝም።

«የቤትህ ጀበና ስንት ሲኒ ያወጣል፣ ልጄ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። በእጆቼ ክብ ሠርቼ የሆዱን ስፋት አሳየኋት። ገመዱን ፈትታ ያነሳሁትን መለሰችና ሌላ አወጣች።

«ያ የአሥር ሲኒ ነው፣ እናትህ ትሙት! ትንሹን ከዚያ ላይ ብታስቀምጠው መሬት ይነካል።»

እውነቷን እንደሆነ በኋላ ቤቴ አስልቼ አየሁት። የጀበና ሆድ ክብ ነው። ክብ የሆነው እሳት ዙሪያውን እኩል እንዲያገኘውና ሸክላው ማዕዘን ላይ እንዳይሰነጠቅ ነው። በጉልቻ ላይ እስካለ ድረስ ክብነቱ ይጠቅመዋል፤ ሲወርድ ግን መቆም አይችልም። ሆዱ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጀበና 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ላይ ቢቀመጥ፣ ከቀለበቱ በታች የሚወርደው የሆዱ ክፍል አንድ ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው። አውራ ጣት ያህል የወፈረ ቀለበት ይህን ከመሬት አንስቶ ይይዘዋል። ቀዳዳው 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ይወርዳል። ያኔ ጀበናው በቀለበቱ ላይ መቀመጡ ቀርቶ መሬት ላይ ይቆማል፤ ሲነኩትም ይንከባለላል። ቀዳዳው ከልኩ ቢጠብ ደግሞ ጀበናው ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ አንገቱን የያዘ እጅ ትንሽ ቢያጋድለው ይወድቃል። ትክክለኛው ልክ የሆዱ ግማሽ ገደማ ነው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በሲኒ ቁጥር ትሰፍረዋለች።

የሰጠችኝን ማቶት አገላብጬ አየሁት። ውስጡ ስንደዶ ነው፤ ተጠቅልሎ አውራ ጣት ያክላል። ላዩ በአክርማ ተጠቅልሏል። ስንደዶው ክብ የሳር አገዳ ነው፤ ውፍረቱን የሚሰጠው እሱ ነው። አክርማው ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃ ነክሮት ለስልሶ፣ በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ እየገባ ያጠብቀዋል። ሲደርቅ ይኮማተርና የበለጠ ይይዛል። የአክርማው ዙሮች ጎን ለጎን ተጠግተዋል፤ በመካከላቸው ጥፍር አይገባም። የመጨረሻውን ጫፍ ፈለግኩት። አላገኘሁትም። ቀለበቱን ሦስት ጊዜ ካዞርኩት በኋላ ከታች በኩል፣ መሬት በሚነካው ፊት፣ አንዱ ዙር ከሌላው ሥር ተሰክቶ አየሁት። ጫፉን ሰው የማያየው ቦታ ወስዳዋለች።

ሳሩ ከደብረ ሲና በኩል እንደሚወርድላት ነገረችኝ። በቆላው የሚገኘው ዘንባባ ነው፤ ሰሌኑ የሚሠራው ከሱ ነው። ለማቶት ግን አትወደውም፤ ለስላሳ ነው፣ ጀበናውን ያንሸራትታል አለች።

ከጎኗ ለራሷ የምታፈላበት ጀበና አሮጌ ማቶት ላይ ተቀምጦ ነበር። ጀበናውን አነሳችልኝ። በቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው ጥቁር መስመር ዞሯል። የጥላሸት ምልክት ነው። ሸክላውና ሳሩ የሚነካኩት በዚያች መስመር ብቻ ነው። መስመሩ የትም ቦታ አልተቋረጠም። ያ ማለት የሸክላ ሠሪዋ ክብና የስፌት ሠሪዋ ክብ አንድ ሆነዋል። ሁለቱ ሴቶች ምናልባት ተያይተው አያውቁም።

እንደ ማቶት ያሉ፣ «መ»ም «ያ»ም የሌለበት የራሳቸው ስም ያላቸው ተከታዮች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም የቆዩ የቤት ዕቃዎች ናቸው። ምጣድ አክንባሎ አለው። ሙቀጫ ዘነዘና አለው። ቅል ውታፍ አለው፤ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጥና አፉን ይሞላል። ወፍጮ ደግሞ መጅ አለው።

መጅ ከላይ የሚሄደው ድንጋይ ነው። ሴቷ በሁለት እጇ ይዛው ከታችኛው ላይ ወደ ፊት ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ትስባለች። አዲስ መጅ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ሲሠራበት ግን ሆዱ ትንሽ ይጎብጣል፤ የታችኛው ወፍጮ ደግሞ ይጎደጉዳል። አንዱ የለቀቀውን ሌላው ይወርሳል። ከዓመታት በኋላ ያ መጅ ለሌላ ወፍጮ አይሆንም። ማንም ልክ ሳይወስድ የተገጣጠሙ ዕቃዎች ናቸው። አማርኛ በዚህ ቃል አንድ ነገር ጨምሮበታል። በሥራ ብዛት የእጅ መዳፍ ላይ የሚወጣው ጠንካራ ቆዳም መጅ ይባላል። ድንጋዩ በሚያርፍበት ቦታ፣ በድንጋዩ ስም።

ከቤት ወጥተን እርሻ እንሂድ። የይፋት ገበሬ የሚያርስበት መሣሪያ አንድ ዕቃ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ሁሉም የሌላው ተከታይ ነው። ሞፈሩ ረጅሙ እንጨት ነው፤ ሦስት ሜትር ገደማ። ከኋላ ጫፉ እርፉና ማረሻው ይያያዛሉ። ከፊቱ ቀንበሩ በምራን ይታሰራል። ከማረሻው ግራና ቀኝ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች አሉ፤ ድግር ይባላሉ፤ አፈሩን ወደ ጎን የሚገፉት እነሱ ናቸው። ማረሻውን ከድግሮቹ ጋር አንድ ላይ አንቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ወገል ነው። ከቀንበሩ ወደ ታች የሚወርዱት፣ የበሬውን አንገት በግራና በቀኝ የሚይዙት በትሮች ማነቆ ይባላሉ። ይህን የመጨረሻውን ቃል የከተማ ሰው በየስብሰባው ይሰማዋል፤ «የሥራው ማነቆ» ሲባል። ሲናገሩት በሬ የሚያዩ ጥቂቶች ይመስሉኛል።

ይህ ሁሉ ከቀንበሩ ጋር ሲመዘን ከ17 እስከ 26 ኪሎ ነው። አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ማሳው ድረስ ይሄዳል። ብረት የሆኑት ማረሻውና ወገሉ ብቻ ናቸው። እነሱን ብረት ሠሪ ይሠራቸዋል። እንጨቱን ብዙ ጊዜ ገበሬው ራሱ ይጠርበዋል፤ ምራኑን ከበሬ ቆዳ ይቆርጠዋል። ቀንበር ሲሰበር ቀንበር ይቀየራል፤ ሞፈሩ ይቀራል። ማረሻው ተበልቶ ሲያጥር ወገሉ ለአዲሱ ማረሻ ያገለግላል።

እዚያው ይፋት፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ አንድ ገበሬ ወገሉን ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የብረት ቀለበት ነው፤ የመዳፌን ያህል። ፍጹም ክብ አይደለም። አንዱ ጎኑ ትንሽ ተጨፍልቋል። የብረት ሠሪው ስህተት መሰለኝ። ገበሬው ግን ቀለበቱን መልሶ እንጨቶቹ ላይ አስገባው፤ የተጨፈለቀው ጎን ከማረሻው ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ አረፈ፤ ክቡ ጎን ከድግሮቹ ላይ። በእጁ ሊያዞረው ሞከረ። አልዞረም።

ማረሻ ራሱ ከ«አረሰ» ነው፤ «ስ» ወደ «ሽ»። ከሥራው ስሙን ያገኘው ዋናው ነው፤ ተከታዮቹ ግን፣ ድግርና ወገል ምራንም፣ የራሳቸውን ስም ይዘዋል። ወጥ ቤት ውስጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከ«ወቀጠ» የወጣው ሙቀጫ ነው፤ ዘነዘናው ግን የራሱን ስም ይዟል። ትንሹ ዕቃ ብዙ ጊዜ ጥንታዊውን ስም የያዘ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህ ደንብ አይደለም፤ ማነቆ ራሱ ከ«አነቀ» ነውና። ግን አንዴ ካዩት በኋላ ዓይን እየደጋገመ ይፈልገዋል።

እነዚህን ስሞች በወረቀት ለማስፈር የደከሙ ሰዎች አሉ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ኢዘንበርግ ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ1839 ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በይፋት ጫፍ በኩል በፋሬና በአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1841 ለንደን ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ቃላቱ የተሰለፉት በአበገደ ተራ ስለሆነ «በ» ከ«አ» ቀጥላ ትመጣለች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ የዕቃ ቤት መክፈት ማለት ነው፤ የሞፈሩም የመጁም ስም ተራውን ጠብቆ ይወጣል።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ ሲሄዱ ሰንበቴ አለች። ስሟ እንደሚናገረው ገበያዋ እሑድ ነው። አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር ይገናኙባታል፤ በአንድ ሚዛን ፊት አራት ቋንቋ ይሰማል። እዚያ አንድ አፋር ወጣት ወገቡ ላይ ጊሌ ታጥቆ አየሁ። ጊሌ የአፋር ቢላዋ ነው፤ ሁለቱም በኩል ስለት ያለው፣ ጎበጥ ያለ። አፎቱን ማየት እንደምፈልግ ነገርኩት። ቢላዋውን መዞ በራሱ እጅ አስቀረው፤ አፎቱን ሰጠኝ።

ባዶ አፎት በእጅ መያዝ ጥሩ ነው። ቢላዋው ዓይንን አይስብም። የአፎቱ ርዝመት ክንድ አይሞላም። ውስጡ ሁለት የሳሱ የእንጨት ገጾች ናቸው፤ ላዩ ቆዳ። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ተሰፍቷል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ሁለቱን ገጾች አንድ አድርጓቸዋል። ማጣበቂያ የለውም። ስፌቱ በጀርባው በኩል፣ ሰውነት በሚነካው ጎን ሄዷል። ክሩም ቆዳ ነው። አንድን ስንዝር ለክቼ ስፌቱን ቆጠርኩ፤ ሃያ ሁለት ሆነ። በቀጣዩ ስንዝር ሃያ አንድ።

ከባዱ ነገር ጉብጠቱ ነው። ሁለት ስለት ያለው ጎባጣ ብረት አፎቱ ውስጥ ሲገባ ስለቶቹ እንጨቱን መንካት የለባቸውም። ከነኩ ስለቱ ይደነዝዛል፤ እንጨቱም ይፋቃል። ብረቱ መያዝ ያለበት በመካከል፣ በወፈረው ጀርባው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ መሐሉ ላይ ጠባብ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሰፋ ተደርጎ ይፈለፈላል። አፎቱን ወደ ፀሐይ አዙሬ በአፉ ውስጥ ተመለከትኩ። የሁለቱ ገጾች ፍልፍል ትይዩ ሆኖ እስከ ጉብጠቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ይጨልማል።

ወጣቱ አፎቱን ተቀብሎ ቢላዋውን መለሰ። ቀጥ አድርጎ አልከተተውም። ጫፉን አስገብቶ የእጁን አንጓ በትንሹ አዞረ። ሲያርፍ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የደረቀ ነገር ከደረቀ ነገር ጋር ሲጋጠም የሚሰማው። አፎቱን ገልብጦ አፉን ወደ መሬት ያዘው። ጊሌው አልወደቀም። ከዚያ መታጠቂያውን አጥብቆ ሄደ።

በዚያው ገበያ አንዲት ሴት ማሾ ትሰፍርልኝ ነበር። ጣሳውን ሞላች፣ በእጇ አስተካከለች፣ ከረጢቴ ውስጥ ገለበጠች። ከኋላዬ የቆመች ሴት በእኔ ፈንታ «መርቂለት እንጂ!» አለቻት። ነጋዴዋ አንድ እፍኝ ጨመረች። ያ እፍኝ ምርቃት ይባላል። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚሰጠውም ምርቃት ነው። ከልኩ በኋላ የሚመጣ፣ ያለ ልክ የሚሰጥ ተከታይ ይህ ብቻ ነው። እሱንም ግን አየሁት። በእፍኟ የያዘችው ጣሳው ላይ ስታስተካክል የፈሰሰውን ያህል ነበር።

አንዳንድ ተከታዮች ከዋናው ጋር አብረው ይጠፋሉ። እንሥራም ክብ ሆድ ነበረው፤ እሱም ማቶት ይፈልግ ነበር፤ በጀርባ የሚሸከሙበት ማዘያም ነበረው። አሁን በሮቢ ዳር ውሃ የሚቀዳው በቢጫ ጄሪካን ነው። ጄሪካን ጠፍጣፋ ቂጥ አለው፣ እጀታው ከራሱ ጋር ተሠርቷል፣ ክዳኑ ይጠመዘዛል። ማንንም አይፈልግም። ስለዚህ የእንሥራ ማቶት ከገበያው ወጥቷል። ማቶት የሸጠችልኝን ሴት ጠየቅኳት፤ ትልቁን ማቶት መጨረሻ የሰፋችው መቼ እንደሆነ አላስታወሰችም። የጀበናውን ግን ትሰፋለች፤ ጀበና አሁንም ክብ ነውና።

መጋጠሚያው ራሱ ግን ሥራውን አላቆመም። የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ልጆች ሸዋ ሮቢት አውራ መንገድ ዳር ሳጥን ከፍተው ይቀመጣሉ። ቻርጀርና ከቨር በመጡበት ስም ይሸጣሉ። ጆሮ ላይ የሚሰካውን ግን ማዳመጫ ይሉታል። ከ«አዳመጠ»፤ «ጥ» ወደ «ጭ»። ሠሪው የትም አገር ይሁን፣ ስሙን የገጠሙት እዚህ ነው፤ ስፌቱ አይታይም።

የገዛሁት ማቶት አሁን ቤቴ ነው። ጀበናውን አስቀመጥኩበት። አንገቱን በአንድ ጣት ገፋ አድርጌ ለቀቅኩት፤ ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ ቆመ። ከሥሩ ወረቀት አሾለክኩ፤ ሳይነካ አለፈ። ከዚያ ቡና አፍልተን ቆጠርን። ስድስት ሲኒ ያወጣል።

ማቶት ልትገዙ ስትሄዱ ጀበናችሁ ስንት ሲኒ እንደሚያወጣ ቆጥራችሁ ሂዱ።